«ዛሬ አልወስዳችሁም» ላሉን ጋሼ

ባህር ዳር ሄዶ ጀልባ ለሚፈልግ ሁሉ አንድ ሰው ልጠቁም ነው። ከጥቆማው በፊት ግን ምስጋናው ይቅደም።

እኔና ጓደኛዬ ከሐዋሳ ተነስተን የ15 ቀን ጉዞ ላይ ነበርን። ሐሳባችን ጥምቀትን ጎንደር አክብረን ወደ ደባርቅ መዝለቅ ነው። ባህር ዳር በጉዟችን መሃል የገባችው ለእረፍት ነበር። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ተቀምጠን፣ የዓባይን በረሃ ወርደን ወጥተን፣ ወገባችን ተቆርጦ ነው የደረስነው። ሁለት ሌሊት አድረን፣ ትንሽ ተንፈስ ብለን እንቀጥላለን ተባባልን።

በማግስቱ አርፍደን ተነሳን። ሐይቁ ዳር ዓሳ በላን። ከዚያ 8 ሰዓት ሲሆን ወደ ጀልባ መነሻው ወረድን። ጣና ዳር ያለውን፣ ገዳማት የበዙበትን ዘጌን አይተን ፀሐይ ሳትጠልቅ እንመለሳለን ብለን ነው።

መነሻው ላይ ደላላው ብዙ ነው። አንዱ «አሁኑኑ እንነሳ» ብሎ ቦርሳዬን ሊይዝልኝ ምንም አልቀረው። ጋሼ ግን ጀልባቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ገመድ ይቋጥራሉ። አልጠሩንም። ደስ ስላሉኝ እኔው ሄጄ ዋጋ ጠየቅኳቸው። ነገሩኝ፣ ተስማማን። ከዚያ ቀና ብለው ሐይቁን አዩና፣

«ዛሬ አልወስዳችሁም» አሉ።

«ለምን ጋሼ?»

«ነፋሱ ተነስቷል። መሄዱንስ እንሄዳለን፣ መመለሻው ነው የሚከፋው። ይቺ ልጅ ደግሞ ውሃ ትፈራለች።»

ጓደኛዬ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ከዳሩ ሦስት እርምጃ ርቃ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ነበር የቆመችው። ይህንኑ ነው ያዩት። እኔ የአሥር ዓመት ጓደኛዋ ሆኜ ልብ አላልኩትም።

ጣና ሲያዩት ረጋ ያለ ይመስላል። ስፋቱ እንጂ ጥልቀቱ ያን ያህል አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ጥልቀት የሌለው ሰፊ ውሃ ነፋስ ሲያገኘው ቶሎ ይነሳል፣ ማዕበሉም አጫጭርና ተደጋጋሚ ነው። ነፋሱ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነውና ጠዋቱን መያዝ ይሻላል። ይህን ሁሉ ያስረዱን ጋሼ ናቸው፣ ገመዳቸውን እየቋጠሩ።

«ነገ 1 ሰዓት ኑ። ውሃው ያኔ ተኝቶ ነው የሚጠብቃችሁ። አሁን ባጃጅ ይዛችሁ ቤዛዊት ውጡ፣ ፀሐይ ስትገባ እዩ።»

ያን ቀን ሌላ ሰው ሲያሳፍሩ አላየሁም። እጃቸው የገባ የዕለት ገቢ ነው የመለሱት።

ቤዛዊት ወጣን። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ዓባይን ቁልቁል ማየት ምን እንደሚመስል ለመጻፍ ሞክሬ ትቼዋለሁ። ሄዳችሁ እዩት። ማታ በሐይቁ ዳር ስንመለስ ግን ማዕበሉ ድንጋዩን እየመታ ውሃው መንገዳችን ድረስ ይረጫል። ጓደኛዬ ክንዴን ጭብጥ አደረገችኝ። ሁለታችንም ስለ ጋሼ እያሰብን ነበር።

በማግስቱ 1 ሰዓት ላይ ውሃው እንዳሉት ሆኖ ጠበቀን። ላይፍ ጃኬቱን አልብሰው ብቻ አልተዉንም። «ይቅርታ ልጄ» እያሉ ማሰሪያውን ሳብ ሳብ አድርገው አዩት። እኔን ፊት አስቀመጡኝ። ጓደኛዬን ከኋላ፣ ከእሳቸው አጠገብ። ጀልባ ከፊቱ ይልቅ ከኋላው ብዙም አይነሳም አሏት። «ውሃውን አትይው፣ ያንን ዛፍ እይ» አሏት። እሷም ዘጌ እስክንደርስ ያንን ዛፍ አየች።

አንድ ነገር ዓይኔ ላይ ቀርቷል። መንገድ ላይ ከደንገል የተሠራች ታንኳ የያዘ ዓሳ አጥማጅ አገኘን። ታንኳዋ ግማሽ ጎኗ ውሃ ጠጥቷል፣ ሰውየው መረቡን እየጎተተ ነው። ጋሼ ገና ከሩቅ ሞተሩን አጠፉት። በዝምታ ተንሳፈፍን፣ የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። ተሻግረን፣ ሰውየው እጁን አንስቶ ሰላም ካለን በኋላ ነው መልሰው ያስነሱት። «የእኛ ማዕበል ለእሱ ብዙ ነው» አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳለምን። የመቅደሱን ግድግዳ ዙሪያውን የሸፈነውን ሥዕል ለማየት አንድ ቀን አይበቃም። መንገዱ በቡና ጫካ ውስጥ ነው የሚያልፈው። በአፈ ታሪኩ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ሲተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል። ይህን ያወሩን የአካባቢው ሰዎች ናቸው። እንደ ሐሳባችን ቶሎ አልተመለስንም፣ በጣም ቆየን። ጋሼ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ፊታቸው አልተለወጠም፣ ተጨማሪ ሂሳብም አልጠየቁም።

ደሴት ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት እንደማይገባበትም ገና ሳንነሳ ነግረውናል። ስለዚህ ወደዚያ ለመሄድ በከንቱ ወጪ አላወጣንም። ስንመለስ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አየን፣ ጆሮና አፍንጫ ብቻ። «ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» አልኩ። አልተጠጉም። በዚህም ደግመው «አይሆንም» አሉኝ። አሁን ሳስበው እሳቸውን የምጠቁመው በእነዚህ ሁለት «አይሆንም»ዎች ምክንያት ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ብዙ አያወሩም። ታሪክ የሚተርክላችሁ አስጎብኚ ከፈለጋችሁ ለብቻው ያዙ። መቀመጫውም ደረቅ እንጨት ነው፣ የሚነጠፍ ነገር ብትይዙ ጥሩ ነው። ነጠላ አትርሱ፣ ለመግቢያ ጥሬ ገንዘብ ያዙ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፣ ነዳጁ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ። ስልካቸውንም በአደባባይ መለጠፍ አልፈለግኩም። የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እሰጣለሁ። ከሰዓት በኋላ እንውጣ ብላችሁ ግን አትደውሉላቸው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ከዘጌ የገዛነውን ቡና ጎንደር ላይ አፍልተን የእርስዎን ስም እያነሳን ጠጣነው። ጓደኛዬ «ከዚያ ዛፍ ወዲያ ያለውንስ መቼ ነው የምናየው?» እያለች ነው። ሐይቁ ውስጥ ያለው የናርጋ ሥላሴ ገዳም ሩቅ ነው፣ ሙሉ ቀን ይፈልጋል ብለውናል። ቀኑን ይዘን እንመጣለን፣ በጠዋት።