ጅማ ላይ «ፓርከር 51» የሚሏችሁን ብዕር ሳታስፈቱ እንዳትገዙ

ለሥራ ጅማ የምትወርዱ ብዕር ወዳዶች፣ ይቺን ሳታነቡ ኪሳችሁ እንዳትገቡ።

ባለፈው ወር ለአራት ቀን ሥልጠና እዚያ ነበርኩ። ከሰዓት ሂርማታ ገበያ አካባቢ ስዞር አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ መስታወት ውስጥ ጥቁር ብዕር አየሁ። ክዳኑ ወርቃማ፣ ኪስ ላይ የሚሰካበት የቀስት ቅርጽ፣ ጫፉ በፕላስቲኩ ተሸፍኖ ትንሽ ብቻ ብቅ ያለ። ሻጩ ዓይኔን አይቶ ነቃብኝ መሰለኝ፣ «ወንድሜ፣ የድሮው ፓርከር 51 ነው፤ የአንድ ጡረታ የወጡ ዳኛ ነበር» አለኝ። ዳኛ ሲባል ክርክሩን ተውኩት። 6,000 ብሎኝ በ4,500 ብር ወሰድኩ፤ በ600 ብር ደግሞ አንድ የፓርከር ብልቃጥ ሰማያዊ ቀለም።

ግድግዳው ላይ «ደረሰኝ ካልተሰጠዎ አይክፈሉ» የሚለው ተለጥፏል። ስጠይቀው «ማሽኑ ተበላሽቷል» አለ። እኔም ከማስታወቂያው ሥር ቆሜ ከፈልኩ።

ማታ ሆቴል ሞልቼ ጻፍኩበት። ጽሑፉ አልደርቅ አለ፤ ጠዋት ብዕሩ ጭራሽ ተደፍኗል። ቀለሙን በጣቴ ባሸው ቅባት ቅባት ይላል፦ ብልቃጡ ውስጥ የተገለበጠው የማኅተም ቀለም ነው! የማኅተም ቀለም ቶሎ እንዳይደርቅ ግሊሰሪን ይገባበታል፤ የብዕር ቀለም ግን አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ነው በዚያች ቀጭን ቦይ የሚወርደው።

ለማጠብ ስፈታው ሌላ ጉድ። ፓርከር 51 እ.ኤ.አ. በ1941 የወጣ ብዕር ነው፤ ከሽፋኑ ሥር ያለው ጫፍ ቱቦ የመሰለ፣ አብዛኛውን ጊዜም ባለ 14 ካራት ወርቅ ነው። የእኔው ስስ የብረት ቁራጭ። ያው የቻይናው ሂሮ 616 ነው፣ የ51ን መልክ የያዘው። ክዳኑ ላይ ስሙ የነበረበት ተፍቋል። በሂሮ ቂም የለኝም፤ በሂሮነቱና በሂሮ ዋጋ ቢሸጥልኝ ደስ ብሎኝ እጽፍበት ነበር።

ስለዚህ ሻጩ የኋላውን እጀታ ፊታችሁ ይፍታላችሁ። በመጭመቅ የሚሞላው 51 ከሆነ፣ ውስጥ ባለው ብረት ላይ የፓርከር ስምና የአሞላል መመሪያ ተቀርጾበታል። የጫፉን ሽፋን ግን አታስነኩ፤ በእውነተኛው ላይ ተጣብቆ ስለሚታሸግ ሲታገሉት ይሰነጠቃል። ውሃ አስመጥታችሁ ሞክሩት፤ «ውሃ የለም» ካለ ውጡ። ቀለሙንም ወረቀት ላይ አስነክታችሁ ትንሽ ቆይታችሁ እሹት።

በማግስቱ ብመለስ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ፤ ደረሰኝ የሌለው ሰው ምን ይላል? ብዕሩን በቀዝቃዛ ውሃና በጠብታ የዕቃ ሳሙና አራት ቀን አጥቤ አዳንኩት (ሙቅ ውሃና አልኮል ፕላስቲኩን ያበላሻል)። ቀለሙን ለቢሯችን ጸሐፊ ሰጠኋት። ለማኅተሙ አሪፍ ነው አለችኝ።