ከከተማ ለሚወጣ ቤተሰብ፦ አነስተኛ ከተማ ወይስ ገጠር?

ትልቁን ከተማ ለቅቆ ለመውጣት የወሰነ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመነታው በአነስተኛ ከተማና በገጠር መካከል ነው። ገጠሩ ሰፊ ግቢና ጸጥታ ቢሰጥም፣ የውኃ ጉድጓዱ በየጊዜው መመርመር፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ሲሞላ መመጠጥ፣ ወደ ቤት የሚያስገባውም መንገድ ከዝናብ በኋላ መጠገን ስላለበት፣ በከተማ ማዘጋጃ ቤት ይሠራው የነበረው ሁሉ በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። በአነስተኛ ከተማ ግን ልጅ ትምህርት ቤት በእግሩ ደርሶ ይመለሳል፤ ሌሊት ትኩሳት ቢነሣበትም ሐኪም ቅርብ ነው። የግቢው መጥበብና ጎረቤት ሁሉን ማወቁ (ይህን የሚወዱም አሉ) ሊታገሡት የሚቻል ነው። ስለዚህ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ለሆኑበት ቤተሰብ አነስተኛውን ከተማ አስቀድማለሁ፤ ገጠሩን የመረጠ ግን ቤት ከመግዛቱ በፊት ቢያንስ አንድ ክረምት ተከራይቶ ይኑርበት።