ኤችኦ ወይስ ኤን? ላላለቀ የባቡር መስመር ሞዴል የሚሆነውን መጠን ስለመምረጥ

ባሕር ዳር ውስጥ በመኖሪያ ቤቱ ትንሽ የባቡር ሞዴል ለመሥራት ያሰበ ሰው ከሁሉ በፊት የሚወስነው መጠኑን ነው። በብዛት የሚሸጡት ሁለት ናቸው፦ ከእውነተኛው 87 ጊዜ የሚያንሰው ኤችኦ እና 160 ጊዜ የሚያንሰው ኤን። የተለመደው ምክር «ክፍልህ ጠባብ ከሆነ ኤን ግዛ» የሚል ነው። ሞዴሉ የሚያሳየው ግንባታው ያላለቀ መስመር ከሆነ ግን ይህ ምክር አይሠራም ባይ ነኝ።

ምክንያቱ ኩርባ ነው። ዙሪያውን የሚሄድ ባቡር በኤችኦ ሲሠራ ጠባብ የሚባለው ኩርባ እንኳ ከመሐሉ እስከ ሀዲዱ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል፤ ጠረጴዛውም ከ80 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ስፋት ይፈልጋል። ኤን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ባለው ኩርባ ይዞራል። ያላለቀ መስመር ግን አይዞርም፤ መጥቶ ይቆማል። ግድግዳ ላይ የተመታ 2 ሜትር ርዝመትና 35 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መደርደሪያ ይበቃዋል።

እኔ የምሠራው ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ሊመጣ የታሰበውን መስመር ነው። በአገር አቀፉ የባቡር መረብ ዕቅድ ላይ ወልድያን፣ ወረታንና ባሕር ዳርን የሚያገናኝ መስመር ተሠምሯል፤ መሬት ላይ ግን ሀዲድ አልተነጠፈም። ስለዚህ መልኩን የምዋሰው ግንባታው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሮ ለዓመታት ሳይጠናቀቅ ከቆየው፣ 392 ኪሎ ሜትር ከሚረዝመው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ነው። የዚህ ሀዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ የኤችኦው 16.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድም ሆነ የኤኑ 9 ሚሊ ሜትር ይስማማዋል። የድሮውን የጅቡቲ–አዲስ አበባ መስመር የሚሠራ ሰው ግን ልብ ይበል፤ ያ 1,000 ሚሊ ሜትር ስለነበረ በኤችኦ ልዩ የ12 ሚሊ ሜትር ሀዲድ ይጠይቃል።

አሁን ሁለቱን በአንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን እናቁማቸው። 20 ሜትር የሚረዝም ሎኮሞቲቭና እያንዳንዳቸው 14 ሜትር የሆኑ ሦስት ፉርጎዎች በኤችኦ 71 ሴንቲ ሜትር፣ በኤን 39 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። ባቡሩ ከዛፍ ጀርባ ብቅ እንዲል ያንኑ ያህል የተደበቀ ሀዲድ ስለሚያስፈልገው ኤችኦ ከመደርደሪያው ሲሶውን አልፎ ይበላል። ይህ ትልቁ ጉድለቱ ነው። የፎገራን ሜዳ በስፋት፣ ከሩዝ ማሳው በላይ ከፍ ያለውን የአፈር ድልዳልና ጉማራን የሚሻገር ድልድይ ማሳየት የምትፈልጉ ኤን ግዙ፤ አልከራከራችሁም።

የእኔ ልብ ያለው ግን ሀዲዱ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ሀዲዱ የሚያርፍበት የመጨረሻው አግዳሚ፣ ከእሱ ወዲያ ጠጠር፣ ከጠጠሩ ወዲያ የተደለደለ አፈር፣ ከዚያ ሣር። ጎን ላይ የኮንክሪት አግዳሚዎች ተከምረዋል፤ ክምሩ ላይ አንድ የቀን ሠራተኛ ምሳውን ይበላል። ይህ ሰው በኤችኦ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ስላለው ኮፍያውና ሳህኑ ይለያሉ። በኤን 1 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሰው መሆኑ ብቻ ይታወቃል። 5 ሜትር የሚሆን ታንኳ በኤችኦ ወደ 6 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ከጣና ዳር የለቀምኩትን ደረቅ ደንገል በምላጭ ሰንጥቄ፣ በስፌት ክር አሥሬ ሠርቼዋለሁ። ለኤን ሦስት ሴንቲ ሜትሩን ስሞክር ደንገሉ እየተሰነጠቀ አስቸገረኝ።

በአነዳድም ኤችኦ ይሻላል። የግንባታ ዕቃ የሚያመላልስ የሥራ ባቡር በዝግታ የሚሄድ ነው፤ የኤን ሎኮሞቲቭ ደግሞ ቀላል ስለሆነ ሀዲዱ ላይ አቧራ ሲያርፍ ቶሎ ይቆማል። ሁለቱንም አልኮል በነካ ጨርቅ መወልወል አይቀርም፣ ኤንን ግን አዘውትራችሁ። በዋጋ በኩል ኤን ትንሽ ስለሆነ ይረክሳል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የሎኮሞቲቮቹ ዋጋ ተቀራራቢ ነው።

መስመሩ አለማለቁ ራሱ ወጪ ይቆጥባል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ገና ስላልተዘረጋ ጥቂት ምሰሶ መትከል ይበቃል። አንድ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ሁለት የጠጠር ፉርጎና ሀዲድ የሚጭን አንድ ጠፍጣፋ ፉርጎ ግዙ፤ ለአንድ ሎኮሞቲቭ ዲጂታል መቆጣጠሪያ አያስፈልግም።

ዕቃው ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣላችሁ ከሆነ ከመሰካታችሁ በፊት ትራንስፎርመሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የእኔው ለ120 ቮልት የተሠራ ነበር፤ እኛ ሶኬት ላይ ያለው 220 ስለሆነ ወዲያው ተቃጠለ። ለአውሮፓ የተሠራው ያለ ችግር ይሠራል። ከሥር የሚሆነውን ኮምፔንሳቶ ደግሞ ከላይም ከታችም ቀለም ቀቡት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ይዞ ሲጣመም ሀዲዱንም ያጣምመዋል።

በሳጥን የሚሸጠው ሀዲድ ብዙውን ጊዜ ቡናማ የእንጨት አግዳሚ የሚመስል ነው። የሞዴል ሀዲድ አምራቹ ፔኮ ግን በሁለቱም መጠን የኮንክሪት አግዳሚ ያለው፣ 914 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ተጣጣፊ ሀዲድ ይሠራል። ሁለቱ ተያይዘው 183 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። በ2 ሜትሩ መደርደሪያ ላይ የሚተርፈው 17 ሴንቲ ሜትር ሀዲድ ያልደረሰበት መሬት ነው፤ እኔ ሥራዬን የጀመርኩት ከዚያ ነው።