ሦስተኛውን ምጣድ ከገዛሁ በኋላ

ደብረ ብርሃን ውስጥ እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው የምኖረው። በቀን ከ60 እስከ 80 እንጀራ አወጣለሁ። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪኩ፣ ሲጠፋ በእንጨት። ዛሬ የምጽፈው በእንጨት ስለምጋግርበት የሸክላ ምጣድና ስለ ሠራችው ሴት ነው።

የምትሸጠው ገበያው ውስጥ፣ ሸክላ ተራው ጫፍ ላይ ነው። ስሟን ሳላስፈቅዳት አልጽፍም። ዕቃዋን ጭድ ላይ ትደረድራለች። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጇ ከጎኗ ትቀመጣለች።

ከእሷ ሦስት ምጣድ ገዝቻለሁ። የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ከአራት ወር አገለገለኝ። የተሰበረውም ልጄ ከምድጃ ሲያወርደው ስላመለጠው ነው። ሁለተኛው አሁንም ይሠራል። ሦስተኛውን በጥቅምት መጀመሪያ በ600 ብር ገዛሁት። በጣት መታ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀ ምጣድ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ስትገዙ ይህን ሞክሩ። ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ገል ትጨምራለች፤ እሳት የሚችለው ለዚያ ነው። ፊቱን በለስላሳ ድንጋይ አሽታ አሽታ ታለሰልሰዋለች። ሙቀቱ ከመሃል እስከ ጠርዝ እኩል ይደርሳል። እንጀራው ዓይኑ ያምራል፣ ሲነሳም አይቀደድም። በዚህ ብርድ ሊጥ ቶሎ እንደማይቦካ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ያ ሁሉ ተጠብቆ ምጣዱ ካበላሸው ያናድዳል።

ጉድለቱንም ልናገር። አክንባሎ አትሠራም፣ ሌላ ቦታ መፈለግ አለባችሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ምጣድ አታገኙም። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ሸክላው አይደርቅላትም። ያልደረቀ ሸክላ እሳት ውስጥ ይፈነዳል። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ግዙ። ገበያም በጠዋት ሂዱ፤ ከስድስት ሰዓት በኋላ ጥሩ ጥሩው ያልቃል።

ስትሸጥ ዝም ብላ አትሰጥም። እንዴት እንደሚሟሽ ታስረዳለች። መጀመሪያ በቀስታ እሳት ማሞቅ። ከዚያ የተወቀጠ ጎመን ዘር እየነሰነሱ በማሰሻ ማሸት፣ እስኪጠቁርና እስኪያብረቀርቅ ድረስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ቢጣበቁ አትደንግጡ።

ሦስተኛውን የገዛሁ ዕለት አንድ ሰው ለሁለት የተሰነጠቀ ምጣድ ይዞ መጣ። ገና ሳይደርስ ጀመራት። «አንቺ ቡዳ! ዓይንሽን ጥለሽበት ነው የሸጥሽልኝ!» ገበያው ሁሉ ዞሮ አየ። የሳቀም ነበር። እሷ ስባሪውን ተቀብላ አገላበጠችው። መሃሉ ገና ቀይ ነው፤ ጎመን ዘር አልነካውም።

«ጌታዬ፣ ሳይሟሽ ኃይለኛ እሳት አግኝቶታል» አለችው። ድምጿን አልጨመረችም። እሱ ስድቡን ቀጠለ። ወደ ልጅቷ ዞሮ ያንኑ ቃል ሲደግመው ግን ብድግ አለች። «እኔን እንዳሻዎ ይበሉኝ። ልጄን ግን እንዲህ አይበሏት።»

ሰውየው ዝም አለ። ያን ጊዜ አዲስ ምጣድ አንስታ በጭድ ጠቅልላ ሰጠችው። ብር አልተቀበለችም። ሁለት እፍኝ ጎመን ዘርም በፌስታል ጨመረችለት።

እኔ ግን ነደደኝ። «600 ብር ለተሳዳቢ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ማታ ማታ ከልጄ ጋር አባታችን ሆይ እንላለን» አለችኝ። «‹በደላችንን ይቅር በለን እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል› ስል ልጄ ታየኛለች። ደግሞ ሚስቱ ምን አድርጋ ትጋግር? ቤቱ ምጣድ የለም።»

ጎረቤቴ ይህን ስነግራት «ምን ታድርግ፣ አቅም የላትም» አለችኝ። አልስማማም። ምጣዱ በምን እንደተሰበረ ፊት ለፊት ነግራዋለች። ለልጇም ቆማለች። እኔ ብሆን ስባሪውን እግሩ ሥር እወረውርለት ነበር፤ እሱም ቤቱ ሲገባ በሚስቱ ላይ ይወጣበት ነበር።

ስድቡ ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ሸክላ የሚሠራው ቡዳ፣ ብረት የሚቀጠቅጠው ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራው ቁጢት በጣሽ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መሳደብ በአዋጅ ከልክለዋል። የተወለዱት እዚሁ አጠገባችን፣ አንጎለላ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እኛ ግን አስቀድሰን በተመለስንበት ቀን እንኳ፣ በእሷ ምጣድ የተጋገረ እንጀራ በልተን እንሰድባታለን። አዳም ከምን እንደተሠራ የማናውቅ ይመስል።

ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበር አለን። ሸክላ ሠሪ ከጽዋው እንድትቀምስ የማይፈልጉ አሉ። በአፋቸው አይሉትም፤ ግን አትጠራም። እኔም ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ። ምጣዷን ማጀቴ አስገብቼ እሷን በደጄ አላሳለፍኳትም። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል።

የኅዳሩ ተራ የእኔ ነው። ባለፈው ሳምንት ሄጄ ጠራኋት። ወዲያው እሺ አላለችም። «ሰው እንዳይከፋው» አለች።

«ቤቱ የእኔ ነው፤ ልጅሽንም ይዘሽ ነይ» አልኳት።

ትንሽ ቆየች። ጭዱን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ «እትዬ፣ የዚያን ቀን እንጀራው ይበዛብሻል» አለችኝ። «ሁለቱ ምጣድ ይበቃሻል? ሌላ አሟሽቼ ላምጣልሽ?»