ቪትዝ ወይስ ዲዛየር? ያገለገለ መኪና ለምትፈልጉ

ዘንድሮ ብቻ ሦስት ዘመዶቼ ይህንኑ ጠየቁኝ። እኔ የቶዮታዋን ቪትዝ ሰባት ዓመት ነድቻለሁ፣ ታናሽ ወንድሜ ደግሞ በሱዙኪዋ ዲዛየር የታክሲ ሥራ ይሠራል። የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ገበያው እዚሁ ባሉት ላይ ነው የሚዞረው። ስለዚህ የምትገዙት ሞዴል ብቻ አይደለም፤ የቀድሞውን ባለቤት አያያዝም አብራችሁ ትገዛላችሁ።

በጉልበት ዲዛየር ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣችው 1.2 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ 83 የፈረስ ጉልበት ናት። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ባለ 1.0 ሊትር ቪትዝ ሦስት ሲሊንደርና 71 የፈረስ ጉልበት አላት። ወረቀት ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው። ግን አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። አራት ሰው ጭናችሁ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ቪትዟ ታቃስታለች። ሻንጣ ለማመላለስም ዲዛየር ናት፤ የኋላ ኮፈኗ 378 ሊትር ይይዛል።

ጥገና ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቪትዝን የማይፈታ መካኒክ የለም። ዕቃዋ፣ አዲሱም አሮጌውም፣ ሱማሌ ተራ ሞልቷል።

ቪትዝ ስትገዙ መሪዋን በደንብ እዩ። በዚህ ስም የተሠራችው ለጃፓን ገበያ ነው፤ መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደ ግራ የዞረችው በኋላ ነው። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ የዳሽቦርድ ሽቦዎችና የመሪው መገጣጠሚያ ያስቸግራሉ። ጠማማ መንገድ ላይ ነድታችሁ ድምፅ ስሙ።

ሁለተኛው ዘይት ነው። የኔዋን የሸጠልኝ ሰው ዘይት በጊዜው አይቀይርም ነበር። በገዛሁ በአራተኛው ወር ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። ፋሻዋ (የፒስተን ቀለበቷ) አልቆ ሞተር ወረደ። እስክትጠገን ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በታክሲ ሰልፍ ነበር፤ ያን ጊዜ አልረሳውም።

ዲዛየር ላይ የሚያሳስበኝ ፍሪሲዮን ነው፣ በተለይ ኤጂኤስ በሚሉት አውቶማቲክ። እሱ እንደሌላው አውቶማቲክ አይደለም። የማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረግጠው ግን ኮምፒውተር ነው። ዳገት ላይ ፍሬን ሳትይዙ ነዳጅ እየሰጣችሁ ካቆማችኋት ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። ወንድሜ መጀመሪያ ላይ እንዲያ ይነዳ ነበር፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ ሲሸተው ነው የነቃው። ማርሽ ስትቀይር ወደፊት የምትገፈትራችሁን ኤጂኤስ ተጠንቀቁ።

ለዘመዶቼ የነገርኳቸው ይህንን ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለምትውል መኪና ማንዋል ዲዛየር። ለቤተሰብ፣ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት ከሆነ ደግሞ በሥርዓት የተያዘች ቪትዝ። ታሪኳን ማንም የማያውቃት ቪትዝ ከሆነች ግን በርካሽም አትግዟት።

የትኛዋንም ልታዩ ስትሄዱ በጠዋት ሂዱ፣ ባለቤቱም ቀድሞ እንዳያስነሳት ንገሩት። ስትደርሱ የሞተሩን ኮፈን በእጃችሁ ንኩት። ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን ቅጠሩ። ቀዝቃዛ ከሆነ አንዱ ያስነሳ፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ።