ፔፕታይዱን ስላይድ ላይ እንሥራው ወይስ ተሠርቶ የመጣውን እንለጥፍ?

ሐዋሳ ላይ ለባዮሴንሰር (አንድን ነገር በሕይወታዊ ሞለኪውል ይዞ ለሚለይ መሣሪያ) ሥራ የግዥ ጥያቄ የምታስገቡ ከሆነ፣ ፕሮፎርማ ከመሰብሰባችሁ በፊት የምትፈልጉት ስንት ዓይነት ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) እንደሆነ ቁጠሩ። አምስት ወይም ዐሥር ከሆነ ተሠርቶና ተጣርቶ የሚመጣውን ግዙ። መቶዎችን ጎን ለጎን መፈተሽ ከሆነ ግን የስላይዱ መስታወት ላይ ራሳችሁ መሥራት ያዋጣል።

መስታወት ላይ ሲሠራ አሚኖ አሲዶቹ አንድ በአንድ ይቀጠላሉ። ኬሚስቱ ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 በጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ላይ ያሳየው ዘዴ ነው፤ መደቡ ብቻ ተቀየረ። ጣጣው ሒሳቡ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቅጥያ 99 በመቶ ቢሳካ፣ ከ10 ቅጥያ በኋላ ሙሉ የሚሆነው 90 በመቶ ገደማ ነው። ስኬቱ 95 ከሆነ 60 ይቀራል፤ በ20 ቅጥያ ደግሞ 36። ጎዶሎው እዚያው ስላይዱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ማጣራት የሚባል ነገር የለም፤ ሴንሰሩ የሚሰጠው ምልክት ከየትኛው እንደመጣ ማወቅም ይቸግራል።

የተገዛው ግን በክሮማቶግራፊ ተጣርቶ፣ በማስ ስፔክትሮሜትሪ ተመርምሮ፣ ከነሰነዱ ነው የሚመጣው። ጫፉ ላይ ሲስቴይን የተባለውን አሚኖ አሲድ አስጨምሩበት፤ ውስጡ ሌላ ሲስቴይን ከሌለ ማሌይሚድ (ሲስቴይንን የሚይዝ ኬሚካል) የተቀባ ስላይድ በዚያ ጫፍ ይይዘዋል፣ ሌላው ጫፍ ለዒላማው፣ ማለትም ሴንሰሩ ለሚፈልገው ሞለኪውል፣ ነፃ ይሆናል። ዋጋው በአሚኖ አሲዱ ቁጥርና በንጽሕናው ልክ ይወጣል፤ ለሙከራ 95 በመቶ የማያስፈልጋችሁ ከሆነ አትጠይቁ።

ራሳችሁ ልትሠሩ ከቆረጣችሁ ብዙ የሚያልቅባችሁ ዲኤምኤፍ የሚባለው ማጠቢያ ፈሳሽ ነው፤ በየቅጥያው ይፈሳል። ጠርሙሱ ሲከፈት ዓሣ ዓሣ ከሸተተ ሽታው ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ የመጣ እንዳይመስላችሁ! ፈሳሹ ፈርሶ ዳይሜቲላሚን እየወጣው ነው፤ እሱ ደግሞ የአሚኖ አሲዱን መከላከያ (ተራው ሳይደርስ እንዳይቀጠል የሚሸፍነውን) ያለጊዜው ይገፍና ያልታዘዘ ቅጥያ ያስገባል። መከላከያዎቹን የሚገፉት ፓይፐሪዲንና ትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድም በደንብ የሚስብ የጭስ ማውጫ ይፈልጋሉ። የእናንተው የማይስብ ከሆነ ንጽጽሩ እዚህ ላይ አለቀ።

ከቦሌ ሐዋሳ ድረስ ሙቀቱ ያበላሸዋል ብላችሁ የተገዛውን አትፍሩ፤ ደርቆ የመጣ ዱቄት ጥቂት ቀን ያለ በረዶ ይችላል። ሲደርስ በትናንሽ ብልቃጥ ከፋፍላችሁ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጡ። ከማቀዝቀዣ ያወጣችሁትን ብልቃጥ የክፍሉን ሙቀት ሳያገኝ አትክፈቱት፤ እርጥበት ይስባል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ፔፕታይድ የሌለበት፣ ግን በዚያው ኬሚካል የተቀባ ስላይድ በትእዛዙ ውስጥ ይካተት። ያለ እሱ ዒላማው የያዘው ፔፕታይዱን ይሁን መስታወቱን አይለይም።