የአእምሮ ጤና ማስተርስ፦ ልትገቡ ላሰባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ

"ይህን ማስተርስ ልማረው ወይ?" ለምትሉኝ መልሱን አስቀድሜ ልናገር። ሕመምተኛ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ማድመጥ የምትወዱ ከሆነ ተማሩት። ለደመወዝ እርከን ወይም ከወረዳ ለመውጣት ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ትምህርት ፈልጉ። ፍላጎቱ ሳይኖራቸው ገብተው የሚሰቃዩ ልጆች አይቻለሁ። ከእነሱ በላይ የሚያሳዝኑኝ ደግሞ በእነሱ እጅ የሚወድቁት ሕመምተኞች ናቸው።

እኔ የጨረስኩት የተቀናጀ ክሊኒካልና ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና የሚባለውን ሁለተኛ ዲግሪ ነው። ሁለት ዓመት ይፈጃል። ነርሶች፣ ሳይካትሪ ነርሶችና ጤና መኮንኖች ይገቡበታል። የሚቀበሉት ሙያ እንደየዩኒቨርሲቲው ስለሚለያይ ማስታወቂያውን በደንብ አንብቡ። ጋት የምንለውን ብሔራዊ የመግቢያ ፈተናም እንዳትረሱ። የተማርኩበትን ግቢ ስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ ትምህርቱ ነው።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ፣ ምክንያቱም የሚጠይቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ሳይካትሪስት ልሆን ነው ብለው ያስባሉ። አትሆኑም። ሳይካትሪስት ለመሆን መጀመሪያ ሐኪም መሆን፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት ዓመት ስፔሻሊቲ መማር ያስፈልጋል። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት በንግግር ሕክምናና በምዘና ላይ ያተኩራል፣ መድኃኒት አያዝም። ሳይካትሪ ነርስ ዋርዱንም (ሕመምተኞች ተኝተው የሚታከሙበትን ክፍል) ተመላላሹንም ይይዛል፤ በብዙ ከተሞች ሕዝቡ የአእምሮ ሐኪም ብሎ የሚያውቀው እሱን ነው። የእኛ ማስተርስ ደግሞ ምርመራውን፣ መድኃኒቱን፣ ምክሩንና ወደ ማኅበረሰቡ መውረዱን አንድ ሰው ላይ ያጣምራል። ሳይካትሪስት በሌለበት ሆስፒታል ክፍሉን የምትመሩት እናንተ ናችሁ። ኃላፊነቱ ከባድ ነው፣ ሥራው ግን ልብ ይሞላል።

ትምህርቱ ለምን እንደተፈጠረ ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ትምህርት ሲጀምር አገሪቱ ውስጥ የነበሩት ሳይካትሪስቶች 11 ብቻ ነበሩ። ለሕዝቡ ሁሉ! ከዚያ በፊት መማር የፈለገ ሐኪም ውጭ ይሄድ ነበር፣ ከሄዱት ብዙዎቹም አልተመለሱም። ያኔ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በቡድን እየሆኑ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከአዲስ አበባ መምህራን ጋር ያስተምሩ ጀመር። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር የሚመስለኝ ያስተማሩበት መንገድ ነው። ክፍል ውስጥ ሌክቸር ብቻ ሰጥተው አልሄዱም፤ ተማሪው ሕመምተኛ ሲያናግር አብረው ተቀምጠው ያርሙት ነበር።

ያም ሆኖ ሳይካትሪስት ብቻ በማፍራት አገር አይዳረስም። ለዚህ ነው ነርሱንና ጤና መኮንኑን ከፍ አድርጎ ማስተማር የተጀመረው። መንገዱ አዲስ አልነበረም። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው አማኑኤል ሆስፒታል ከ1980ዎቹ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ሳይካትሪ ነርሶችን ሲያሠለጥን ኖሯል፤ በየክልሉ ተበትነው ሥራውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። ማስተርሱን ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከጀርመኑ ሉድቪግ ማክሲሚሊያን ዩኒቨርሲቲ (ሙኒክ) ጋር፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከአማኑኤል ጋር ሆነው አስተማሩ።

አሁን ወደ ትምህርቱ። የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው። ከምንም በላይ የወደድኩት ታሪክ መቀበልን፣ ማለትም ሕመምተኛውን ስለ ሕመሙና ስለ ሕይወቱ ጠይቆ ማድመጥን፣ እንደ አዲስ መማሩን ነው። ሁላችንም ለዓመታት ሠርተን የመጣን ነን፣ ታሪክ መቀበል እናውቃለን ብለን ነው የገባነው። ከዚያ መምህሩ ጥግ ላይ ይቀመጥና ሕመምተኛዋን ስታናግሩ ያያችኋል። ስትወጡ "ባሏን ስታነሳ ዓይኗን ዝቅ አደረገች፣ ለምን አለፍሽው?" ይላል። ወይም "ራሷን ስለማጥፋት ጠየቅሻት፣ ግን አማቷ አጠገቧ ቁጭ ብላለች፤ ምን ብላ ትመልስልሽ?" መጽሐፍ ይህን አያስተምርም። ከሁለት ዓመቱ ውስጥ ዋጋ ያለው ክፍል የቱ ነው ብትሉኝ ይሄ ነው፤ ሌላው ሁሉ በንባብ ይሸፈናል።

ሁለተኛው ጠንካራ ጎን ሰውነትንና አእምሮን ሳይለያዩ ማስተማሩ ነው። "አበደ" ተብሎ ታስሮ የመጣ ወጣት ሲያዩ ወዲያው መርፌ ማዘዝ ይቀላል። እኛ የተማርነው መጀመሪያ ሙቀቱን ለኩ ተብለን ነው። ከትናንት ወዲያ ጤነኛ የነበረ ሰው ዛሬ ቦታና ሰዓት ከጠፋበት ወባ ሊሆን ይችላል፣ ሌላ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። በሃሎፔሪዶል (በሚያረጋጋው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) አስተኝታችሁት ብትሄዱ ይሞትባችኋል።

የሚጥል በሽታም እኛው ጋ ነው የሚመጣው። በአገራችን ሁኔታ ኒውሮሎጂስት (የነርቭ ስፔሻሊስት ሐኪም) ማግኘት ለአብዛኛው ሕዝብ ስለማይታሰብ፣ በብዙ ሆስፒታል የሚጥል በሽታ ሕመምተኛ የሚከታተለው በሳይካትሪ ክፍል ነው። እዚህ ላይ የተማርኩትን አንድ ነገር ሁሌም ለነርስ ጓደኞቼ እነግራለሁ። ፌኖባርቢታል ወይም ካርባማዜፒን የሚባሉትን የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የምትወስድ ሴት ክንዷ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ አቅሙ ሊቀንስባት ይችላል። ቫልፕሮዬት የሚባለው ሌላው መድኃኒት ደግሞ ለጽንስ አደገኛ ስለሆነ መውለድ ለምትችል ሴት አማራጭ ካለ አይሰጥም። ስለዚህ ለአንዲት የ20 ዓመት ልጅ መድኃኒት ከመጻፋችሁ በፊት ስለ ወሊድ መከላከያ ማውራት አለባችሁ። የቤተሰብ ምጣኔ ክፍሉ ስለ ሚጥል በሽታዋ አይጠይቃትም፣ እናንተም ስለ መከላከያው ካልጠየቃችኋት በመሃል የምትጎዳው እሷ ናት።

የማኅበረሰብ ልምምዱንም ወድጄዋለሁ፣ ማጠሩ ነው የሚያናድደው። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት መዞር ሆስፒታል የማይደርሰውን ሰው ያሳያል። ቡታጅራ ላይ ከ20 ዓመት በላይ ያለፈው፣ ከ68,000 በላይ ሰው ተጠይቆ የተሠራ ትልቅ ጥናት አለ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ሶዶ ወረዳ ላይ ደግሞ በኋላ በተሠራ ሥራ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሠልጥነው እዚያው ማከም ጀመሩ። ይህን በወረቀት አንብቤዋለሁ፣ ግን ጓሮ ውስጥ በሰንሰለት የታሰረ ሰው አጠገብ ቆሞ እናቱ "ምን ላድርግ ልጄ፣ ብፈታው ይጠፋብኛል" ስትል መስማት ሌላ ነው። እናትየዋን መውቀስ አይቻልም። ሕመሙን የሚያረጋጋው መርፌ በየወሩ የሚገኝበትን መንገድ፣ የትራንስፖርት ብሩን፣ ማን እንደሚያመጣው አብሮ ማሰብ ያስፈልጋል። የማኅበረሰብ አእምሮ ጤና ማለት ይሄ ነው፣ እና ጥቂት ሳምንት አይበቃውም።

ስለ ጠበልም ጥሩ ተምረናል። ሕመምተኛውን ጠበሉን ተው ካላችሁት የሚተወው መድኃኒቱን ነው። ጠበሉን እየተጠመቁ መድኃኒቱን መቀጠል ይቻላል፤ ይህን ቤተሰቡም አጥማቂውም ባሉበት በአክብሮት መነጋገር ይሻላል። በጾም ሰዓት መድኃኒት መቼ እንደሚወሰድ፣ በረመዳን እንዴት እንደሚስተካከል መነጋገርም የሥራው አካል ነው።

ድክመቱስ? ሳይኮቴራፒ፣ ማለትም የንግግር ሕክምናው። ሥርዓተ ትምህርቱ ላይ አለ፣ ፈተና ላይም ይመጣል፣ ግን አንድ ሕመምተኛ ይዛችሁ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአሠልጣኝ እየታረማችሁ የምትሄዱበት ዕድል ጠባብ ነው። ስለ አስተሳሰብና ባህርይ ሕክምና ፕሬዘንቴሽን ማቅረብ እችላለሁ፤ መሥራቱን ግን የተማርኩት ከተመረቅኩ በኋላ፣ ከአንዲት ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ጋር አብሬ በመሥራት ነው። የሕፃናት አእምሮ ጤናም ስስ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ይዛ የመጣች እናት ከመድኃኒት ሌላ የምትፈልገው ብዙ ነገር አለ፣ እኛም ያንን ለመስጠት በቂ ዝግጅት አላገኘንም። የሱስ ሕክምናውም እንደዚያው። ጫት፣ አልኮልና ወጣት በሞላበት አገር ይህ ክፍል መስፋት አለበት።

ቴሲሱን (የመመረቂያ ጥናቱን) በተመለከተ ደግሞ ቅር ይለኛል። አብዛኛው ተማሪ የሚሠራው አንድ ዓይነት ነው፦ አንድ ሆስፒታል ሄዶ፣ መጠይቅ ሞልቶ፣ የድብርት ስርጭት በእንትን ሕመምተኞች ዘንድ ብሎ መጻፍ። ከተማው ይቀየራል፣ ጥናቱ ያው ነው። ድብርት እንዳለ እኮ አወቅን፤ ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም የሚለው ነው የቸገረን። በእርግጥ በጀቱ ትንሽ፣ ጊዜው አጭር፣ አማካሪውም በተማሪ የተጨናነቀ ስለሆነ ልጆቹ ላይ አልፈርድም። ከቻላችሁ ግን ስታትስቲክሱን ቀለል አድርጋችሁ ሕመምተኞችና ቤተሰቦች የሚሉትን ሰምታችሁ የምትጽፉበትን ጥናት ምረጡ። ከሥራችሁ ጋር አብሮ የሚኖር ነገር ታገኙበታላችሁ።

ከምረቃ በኋላ ያለው ነው ከባዱ። እኔ ስመለስ መሥሪያ ቤቴ ተደስቶ ተቀበለኝ፣ ከዚያ ግን የሥራ መደቤ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ጠፋ። የዋርድ ተረኛ ሁኚ ተባልኩ፣ ድንገተኛ ክፍል ሰው ጎድሏል ተባልኩ፣ ተመላላሽ ሕመምተኞቼ ደግሞ በር ላይ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። የተሰጠኝ ክፍል ከመድኃኒት ቤቱ ሰልፍ አጠገብ ስለነበር፣ ተደፈርኩ ብላ የምታለቅስ ልጅ ድምፅ ውጭ ይሰማ ነበር። ክፍሉ እንዲቀየር ስንት ደብዳቤ ጻፍኩ! ተቀየረ በመጨረሻ። መድኃኒትም ይቆራረጣል። ዛሬ ሪስፔሪዶን ይኖራል፣ በሚቀጥለው ወር ሕመምተኛው የተረጋጋበት መድኃኒት ጠፍቶ ከግል ፋርማሲ ግዛ ይባላል፣ መግዛት ስለማይችል ያቆማል፣ ካቆመ ታሞ ይመለሳል። ለዚህ ትምህርት ላይ ማንም አያዘጋጃችሁም።

እና ብቸኝነቱ። ትምህርት ላይ ሳላችሁ ከባድ ኬዝ ሲገጥማችሁ የምትጠይቁት ሰው አለ። ስትመረቁ ግን ጠያቂ መሆናችሁ ቀርቶ የመጨረሻው መላሽ እናንተ ትሆናላችሁ። ራሱን ያጠፋ ሕመምተኛ ሲኖራችሁ፣ ይኖራችኋል ደግሞ፣ አብሯችሁ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ባለሙያ ሆስፒታሉ ውስጥ ላይኖር ይችላል። እኛ ከአንድ ባች የወጣን ልጆች በቴሌግራም ተሰብስበን፣ የሕመምተኛ ስምና መለያ ሳናነሳ ኬዝ እንወያያለን፣ አንድ መምህራችንም በፈቃዱ ይገባል። ይህ እኔን ሥራው ላይ አቆይቶኛል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን በግል ፍላጎት ከመተው ከምረቃ በኋላ ያለውን ክትትል የፕሮግራሙ አካል ቢያደርጉት ብዙ ባለሙያ ከሙያው አይሸሽም ነበር።

አሜሪካ ያላችሁ ነርሶችም ስለጠየቃችሁኝ፦ የእኛ ማስተርስ እዚያ ሄዶ በቀጥታ ፈቃድ አያስገኝም። እዚያ ያለው መንገድ የነርስነት ፈቃድ ይዞ፣ በማስተርስ ወይም በዶክትሬት ደረጃ ሳይካትሪክ ነርስ ፕራክቲሽነር ተምሮ፣ ብሔራዊውን የብቃት ፈተና መውሰድ ነው። መድኃኒት የማዘዝ ነፃነቱ እንደየስቴቱ ይለያያል። የምትችሉ ግን ግቡበት፤ እናቶቻችን በአማርኛ የሚያናግራቸው የአእምሮ ጤና ባለሙያ በጣም ይፈልጋሉ።

ከመመዝገባችሁ በፊት የድሮ ተማሪዎችን ፈልጋችሁ ይህን ጠይቁ፦ በሳምንት ስንት ጊዜ መምህር አጠገባችሁ ተቀምጦ ሕመምተኛ ስታናግሩ አየ? "አልፎ አልፎ" ካሏችሁ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ተመልከቱ፣ ሕንፃው ቢያምርም፣ ስሙ ቢገንም። የሳይኮቴራፒ ልምምዱ የት እንደሆነ፣ አማካሪ አንድ ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቁ። ስፖንሰር ካላችሁ ውሉን ሳትፈርሙ አንብቡ፣ ተመልሳችሁ የምታገለግሉበት ዓመትና የምትመደቡበት ክፍል በጽሑፍ ይግባ። የሥራ መደቡን ጉዳይ ከመሄዳችሁ በፊት ከሰው ሀብት ጋር ጨርሱት፤ ከተመለሳችሁ በኋላ ሲሆን ጊዜ ይወስዳል። በግል የምትከፍሉ ደግሞ ከክፍያው ሌላ የልምምድ ቦታ ትራንስፖርትና የቤት ኪራይ አብራችሁ አስሉ፣ ሁለተኛው ዓመት ላይ የሚያሯሩጠው እሱ ነው።